በአራት ብሎን የተያዘው ቤት

በ2007 ዓ.ም. ነው። ሰባ ዓመቴ ነበር። ጥርሴ ገና አልረገፈም፣ ትንፋሼም ሙሉ ነበር። ትንፋሼን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም፤ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ስለነበርኩ ነው።

ስሜ ቱፋ ነው። አባቴ ገርጂ ከከተማ ሳይቆጠር በፊት፣ ጤፍና ሽምብራ ሲዘራበት፣ እዚያው ያረሰ ሰው ነው። መሬቱ ሄደ፣ ከተማው መጣ፣ እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ላይ ሳጥን ስሸከም ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ ወንድ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲንጎዳጎድ ሚስት ይሰለቻታል። ሚስቴ ጫልቱ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ከእግሬ ሥር ጥፋ" አለችኝ። እድሩ ያኔ ጡሩምባ ነፊ ይፈልግ ነበርና ገባሁበት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ላያውቀው ስለሚችል ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በየቅያሱ እየዞርኩ እነፋለሁ። ነፍቼ ሳበቃ እቆምና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። የሰማ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይነሳል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል። "እውነት ነው ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሰፈራችንን ጥዱ ሰፈር እንለዋለን፤ ጥዱ ራሱ ከተቆረጠ ቆይቷል። መሐሉ ላይ ደርቡ ቤት ነበር። አንድ የድሮ ባለርስት ያሠራው ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ። የበረንዳው መደገፊያ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነበር። ደርግ ሲመጣ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። ታች ካሉት ክፍሎች በአንዱ የእድሩ ድንኳንና ድስት ይቀመጣል፤ ጡሩምባዬም እዚያ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። በሌላኛው እማማ ዘነበች ይኖሩ ነበር፤ ልጅ የላቸውም፣ እግራቸው ከያዛቸው ቆይቷል፣ ምላሳቸው ግን ሰፈር ይዞር ነበር።

ላይኛው ደርብ ላይ ደግሞ እኔ ፊደል ቆጥሬበታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኛን ጎልማሶቹን ማታ ማታ እዚያ ሰበሰቡን። ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ ነው እንግዲህ ሀ ያልኩት። አስተማሪያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ተማሪ ነበረች። መስመሩ ሲጠፋብኝ "ጋሼ፣ ጣትዎን ከፊደሉ ላይ አያንሱ" ትለኛለች። እስከ ዛሬም ሳነብ ጣቴን አላነሳም። ፊደል ዘግይቶ ያገኘ ሰው የተጻፈ ነገር ያከብራል። እናንተ በልጅነታችሁ ስላገኛችሁት ይህ አይገባችሁ ይሆናል።

ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ብሩክ የሚባል የወረዳው ጽሕፈት ቤት ልጅ መጥቶ በበሩ ጎን ሰማያዊ የብረት ምልክት አሰረ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። "ጋሽ ቱፋ ያንብቡልን" ተባለ፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ አነበብኩ። "ይህ ቤት በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ማፍረስም ሆነ ያለ ፈቃድ ማደስ በሕግ ያስቀጣል።" አጨበጨብን። ለብሩክ ዳቦ ተቆረሰለት፣ ተመርቆ ተሸኘ። በዙሪያችን ያለው ሁሉ እየፈረሰ መስታወት ሲተከልበት እኛ ጋ ያለው ቀረ ብለን ነው ደስታችን።

ያንኑ ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እድሩ ቆርቆሮ ሊገዛ ወሰነ፣ ጎረምሶቹ መሰላል አቆሙ። ብሩክ ሮጦ ደረሰ።

"ቅርስ ነው፤ ያለ ባለሙያ አይነካም።"

"ባለሙያው መቼ ይመጣል?" አልነው።

"በጀት ሲፈቀድ።"

በጀቱ ሳይፈቀድ ሁለት ክረምት አለፈ። ዝናቡ ደርቡን አልፎ እማማ ዘነበች አልጋ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ባልዲ እያንቀሳቀስን ነው ያሳለፍነው። እሳቸውማ "እኔም ሳላውቅ ቅርስ ሆኜ ነው መሰለኝ፣ የሚጠግነኝ ጠፋ" እያሉ ይስቁ ነበር። ቤቱ እንዲፈርስ ተወስኗል የሚል ወሬ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ። የእድሩ ዳኛ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ሐጎስ አቤቱታ ይዞ ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሐሙስ ይታያል ብለው ቀጠሩት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስካቫተሩ ከተሳቢው ወረደ።

ሐጎስ ከትግራይ በልጅነቱ መጥቶ እኛ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ያረጀ ሰው ነው። ሱቁን ሳይቆልፍ ወጣ። እኔም ደረስኩ። ብሩክ ከሁለት ደንብ አስከባሪዎች ጋር ቆሟል፣ በትከሻው ቦርሳ አንግቷል።

"ይሄ ማሽን የማን እንግዳ ነው?" አለው ሐጎስ።

"ጋሽ ሐጎስ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ዕቃችሁን አውጡ። እማማን የሚያደርስ መኪና አለ፤ የካ አባዶ ቤት ተሰጥቷቸዋል።"

"ስንተኛ ፎቅ?"

"አራተኛ።"

"መራመድ ለማይችል ሰው?"

ብሩክ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ። እኔ ነኝ የቀጠልኩት። "ቅርስ ነው ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ነበረ፣ አባባ። አሁን ለነዋሪ ሕይወት አደገኛ ተብሎ ተወስኗል። ጣሪያው በስብሷል።"

"ማን አበሰበሰው? ቆርቆሮ ልንመታ ስንል ከመሰላል ያወረድከን ማነው?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

"አቤቱታችን ሐሙስ ነው የሚታየው" አለ ሐጎስ።

"እኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ የዛሬ ነው። ደግሞ አትዘኑ፣ እዚሁ ቦታ ላይ የድሮውን የሚመስል ቤት ይሠራል። የባህል ምግብ ቤት ይሆናል። በረንዳውም፣ ፍልፍሉም፣ ሁሉም ይኖረዋል።"

ደሜ ፈላ። "የድሮውን የሚመስል ከፈለጋችሁ የድሮው ምን አጠፋ?"

"ልማት ነው፣ አባባ" አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ራቅ አለ። ያ ቃል ያኔ እንደዚያ ነበር። እሱን ካሉ በኋላ መልስ አይጠበቅም።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን፣ እናቶች የእድሩን ድስትና ሳህን ማውጣት ጀመሩ። ጫልቱ ጡሩምባዬን ከሚስማሩ አውርዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። የስካቫተሩ ሹፌር ጸጥ ያለ ጎልማሳ ነበር፤ ውሃ ለመናት፣ ሰጠችው። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ "እናቴ፣ ለቅሶ የለባችሁም?" አላት።

"ለምን ትጠይቃለህ?"

"ባለፈው አንድ ሰፈር ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ድንኳን ላይ ማን ይነዳል? ማሽኑን አቁመን፣ ገብተን ነፍስ ይማር ብለን፣ ንፍሮ ቀምሰን ወጣን። እኔ ከዛሬ በኋላ ወደ አያት ሰፈር ነው የምሄደው፤ ወዲህ ቶሎ አልመለስም።" ይህን ብሎ ሄደና ማሽኑ ጥላ ሥር ቁጭ አለ።

ጫልቱ ለሐጎስ ነገረችው። ሐጎስ እጄን ይዞ ወደ እማማ ዘነበች ክፍል አስገባኝ። እማማ አልጋቸው ላይ ናቸው።

"ቱፋ፣ ጡሩምባህን ንፋ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። አሁን ከነፋህ ከስምንት ሰዓት በፊት ድንኳኑ ይቆማል። ሹፌሩ የሚፈልገው ምክንያት ነው። ሐሙስ አቤቱታችን ይታያል። ሁለት ቀን ብቻ ነው የምንፈልገው።"

"ማንም ካልሞተ ማንን ብዬ ልጥራ?"

"ከገጠር የመጣ ዘመድ በል። ምን ቸገረህ።"

"ስሙን ማን ልበለው? አባቱንስ?"

እማማ ዘነበች ከአልጋቸው ቀና አሉ። "የእኔን ንፋው።"

"እማማ፣ እርስዎ እኮ አሉ።"

"ስላለሁ ነው የማስቸግራችሁ? ዛሬ ልሙትና ሐሙስ እነሳለሁ። በሦስተኛው ቀን መነሳት ለእኔ ሲሆን ነው የሚከለከለው?"

ጫልቱ አማተበች፤ ሳቋን ግን አልቻለችውም። ሐጎስም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"አልነፋም" አልኩ።

"ለምን?" አሉ እማማ፣ አሁን ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። "ከዚህ ክፍል ከወጣሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ይጠይቀኛል? አንተ ደረጃ ትወጣለህ?"

"ነገ በእውነት ሲሞቱ ብነፋ ማን ይነሳልዎታል? 'ቱፋ ነው፣ ባለፈውም እንዲህ ብሎን ነበር' ብሎ ተገላብጦ ይተኛል። ሰው ይህን ጡሩምባ ሰምቶ የሚነሳው ዋሽቶት ስለማያውቅ ነው። አንዴ ከዋሸሁበት አየር ብቻ የሚነፋ የጎሚስታ ቱቦ ሆነ ማለት ነው።"

ሐጎስ ቀረብ አለኝ። "ነገ ሰፈሩ ከሌለ ለማን ነው የምትነፋው?"

እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። አንድ ነገር ነበረኝ፤ ምልክቱ። "ማፍረስ ያስቀጣል ይላል። የጻፉት እነሱ ናቸው። እሱ ጋ እቆማለሁ፤ የራሳቸውን ጽሑፍ ረግጠው አያልፉም። እውነት በእጃችን እያለ ምን ውሸት ውስጥ ያስገባናል?"

"አንተ ሰው" አለ ሐጎስ፣ "ፊደል ዘግይቶ ስለደረሰህ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ሁሉ ወንጌል መሰለህ።" ትቶኝ ወጣ።

ጫልቱ ጡሩምባውን እንደጠቀለለች አየችኝ። "እኔ ብነፋውስ?" አለች።

"ትንፋሽ አይበቃሽም።"

"ካንተ ጋር የኖርኩት በምን ትንፋሽ መሰለህ?" አለችኝ። ግን አልነፋችውም።

እማማ ዘነበችን ከነፍራሻቸው አውጥተን ፊት ለፊት ካለው የእኔ ደጃፍ ላይ አስቀመጥናቸው። ፊታቸውን ወደ ደርቡ ቤት አደረግንላቸው፤ ጀርባቸውን ቢሆን ይሻል ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ማሽኑ ተነሳ። እኔ በበሩ ጎን፣ ከምልክቱ ሥር ቆሜያለሁ። ብሩክ መጣ።

"አባባ፣ ይውጡልኝ።"

ጣቴን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረግሁና ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ማንበብ ጀመርኩ። "ይህ ቤት... በቅርስነት..."

"አባባ፣ አውቀዋለሁ። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ካስጻፍከው እሺ በለው። 'የተመዘገበ ነው። ማፍረስም ሆነ...'"

በዚህ መሐል ቦርሳውን ከፈተ። ወረቀት ያወጣል ብዬ ነበር። ያወጣው ካቻቢቴ ነው።

ለሰው ስነግር ብዙዎቹ እዚህ ጋ ይስቃሉ። አያስቅም። ካቻቢቴ ማንም ሰው በቦርሳው ይዞ አይዞርም። ይህ ልጅ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ፣ ምናልባት ቁርሱን በልቶ፣ እናቱን ደህና ዋይ ብሎ፣ አስቦበት ነው የያዘው። ምልክቱ በምን እንደታሰረ ያውቃል፤ ያሰረው እሱ ነው። አራት ብሎን ነው። አንደኛውን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛው ዝጎ ስለነበር ትንሽ አስቸገረው፣ ላቡን ጠረገ። እኔ ጣቴን "ያስቀጣል" የሚለው ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

"አባባ፣ ጣትዎን ያንሱልኝ" አለ፣ በትህትና።

አላነሳሁም። አንደኛው ደንብ አስከባሪ፣ እሱም የሰው ልጅ ነውና ዓይኔን ሳያይ፣ እጄን እንደ ሕፃን እጅ ይዞ አወረደው። አራተኛው ብሎን ተፈታ። ብሩክ ምልክቱን በእጅጌው ጠረገውና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

"የት ልትወስደው ነው?" አልኩት።

"ንብረት ነው፣ አባባ። ተመላሽ ይደረጋል።"

ሰማችሁ? ቆርቆሮው ንብረት ነው። ተመላሽ ይደረጋል። ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ፤ ቤቱም ቅርስ መሆኑ በዚያው አበቃ። አንድ ሰው ሲፈርም አላየሁም፣ አንድ የፍርድ ቤት ዳኛ ሲናገር አልሰማሁም። ማስቀጣቱስ የት ሄደ? ቦርሳ ውስጥ።

ሹፌሩ ወደ እኔ አላየም። የማሽኑ ክንድ ከፍ አለና በረንዳው ላይ አረፈ። ያ ሁሉ ፍልፍል እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ቀጥሎ የላይኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ፣ ደርቡ ለመንገደኛው ሁሉ ተገልጦ ታየ። ወዲያኛው ግድግዳ ላይ፣ እኛን ያስተማሩበት ጥቁር ሰሌዳ እዚያው ነበር። ፀሐይ አገኘው። ብዙም አልቆየም።

እማማ ዘነበች አላለቀሱም። አቧራው ሲደርስባቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው "ቱፋ፣ ሞቼልህ ቢሆን ኖሮ እኮ ዛሬ ንፍሮ ነበር የምንበላው" አሉኝ። መኪናው እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መኪናው ግን በዚያ ቀን አልመጣም፤ እኛ ቤት አደሩ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ቆጭቶሃል ወይ? ሐጎስ እንኳ ዛሬ ታርቀን ጨዋታ ስናመጣ መልሶ እዚያችው ላይ ይወድቃል። እማማ ኋላ አራተኛ ፎቅ ወጥተው ከዚያ አልወረዱም፤ ደረጃውን እየወጣሁ እጠይቃቸው ነበር፣ በየጊዜው "ግትር" እያሉ ነበር የሚቀበሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤቱ አሳዝኖኛል፣ እሳቸው ከቤቱ በላይ አሳዝነውኛል። አለመዋሸቴ ግን አልቆጨኝም። ለምንስ እኔ ይቆጨኛል? ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ እኔ መምጣቱ ራሱ ያናድደኛል። አንድ ጡረተኛ በአሮጌ ጡሩምባ አልዋሽም ሲል ግትር ይባላል፤ ጽሕፈት ቤት በማኅተም ዋሽቶ፣ ውሸቱን ፈትቶ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሲሄድ ግን ማንም ብሩክን ቆጭቶሃል ወይ አይለውም። ጠይቁት እስቲ። ቦሌ ላይ አንድ ቦታ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል አሉ።

በእኔ ላይ የተለወጠው ይህ ነው። አሁንም አነባለሁ፣ አሁንም ጣቴን አላነሳም። ግን ምልክት ባየሁ ቁጥር፣ "ፓርክ ይሆናል" ቢል፣ "ለነዋሪው ይሰጣል" ቢል፣ መጀመሪያ የማየው ጽሑፉን አይደለም። ብሎኑን ነው። እናንተም ደጃችሁ ላይ ደስ የሚል ነገር ጽፈው ሲያስሩላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ማሰሪያውን እዩ። ጣሪያችሁ ካፈሰሰ ደግሞ በጀት አትጠብቁ። ለምዝገባ ሲሆን የእነሱ የነበረ ቤት ለጥገና ሲሆን የማን እንደሆነ ይጠፋባቸዋል፤ ሲያፈርሱት መልሶ የእነሱ ነው።

የባህል ምግብ ቤቱም ተሠራ። በረንዳ አለው፣ ሲሚንቶ ሆኖ እንጨት መሳይ ቀለም የተቀባ። በሩ ላይ የድሮው ቤት ፎቶ ተሰቅሏል አሉኝ። ገብቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ያደረግሁትን ነግሬያችሁ ላብቃ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጡሩምባው በጫልቱ ነጠላ እንደተጠቀለለ ራስጌያችን ነበር። ፈታሁት። ጫልቱ ነቅታ ታየኛለች። እማማ ዘነበች ከመደቡ ላይ "ማን ሞተ?" አሉኝ፤ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ፍርስራሹ አጠገብ ቆሜ ነፋሁ፣ ለሰው እንደምነፋው፣ ሳላሳጥር።

በሮች ተከፈቱ። ነጠላ ያዘቀዘቁ እናቶች ወጡ። ሐጎስ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ፤ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም ነበር።

"ማነው ያረፈው?" አለኝ።

"የጥዱ ሰፈር እድርተኞች" አልኩ፣ ለእሱም ለሁሉም፣ "ደርቡ ቤት አርፏል። ቀብሩ ትናንት በስምንት ሰዓት፣ እኛ ሳንፈቅድ ተፈጽሟል። ለቅሶው ዛሬ እዚሁ ነው። ያልመጣ ይቀጣል።"

ማንም "እውነት ነው ወይ?" አላለኝም። ሐጎስ ሱቁን መልሶ ቆለፈና የድንኳኑን ቋሚ ሊሸከም ሄደ። እኔም ጡሩምባዬን አንስቼ ወደሚቀጥለው ቅያስ ዞርኩ፤ ገና ያልሰሙ ነበሩ።